ለጥንዚዛ ያደገደጉት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሕሊና ነበረች። "እማዬ ሌሊት አረፈች" አለችኝ። አንዱን እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላውን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረሁ። ያን ቀን አውቶቡስ የመንዳት አቅም ስላልነበረኝ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ኃላፊዬ "ዘመድህ ናት?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ግን እንደዚያ ብሎ መመለሱ ቀለለኝ።

ለቅሶ ቤት የተሰበሰበው ሰው እንደ ወጉ ያመሰግናቸው ጀመር። "ደግ ነበሩ፣ ትሑት ነበሩ፣ ጉንዳን እንኳን የማይረግጡ ሴት ነበሩ" ይላል አንዱ፤ ሌላው ይቀበለዋል። እኔ ጥግ ይዤ ሐዘኔ መሀል ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። ጉንዳን አለመርገጣቸው እውነት ነው። ሰው ግን ይረግጡ ነበር። ስብሰባ ላይ የማይረባ ነገር የተናገረ ሰው ካለ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ አይፈቅዱለትም። ትሑት ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ይህን ያህል ባልወደድኳቸው።

ለንደን፣ ስቶክዌል በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የኖርነው፤ እሳቸው ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው። አገር ቤት ሳሉ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን አገልግለዋል። መንግሥት ሲለወጥ ለንደን መጥተው፣ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ ከዚያ የወረዳው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የፓርክ ክፍል ውስጥ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ አድርጎ ቀጠራቸው። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ ሴት ነበሩ። በጋ ከክረምት ያችኑ አረንጓዴ የሥራ ጃኬት ለብሰው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። የወደቀ ግንድ ባዩ ቁጥር በጃንጥላው ጫፍ ኳ ኳ አድርገው፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጆሮአቸውን ጣል ያደርጋሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ደህና ዋልክ?" ብለውኝ አያውቁም። የእሳቸው ሰላምታ "ዛሬ ምን አየህ?" ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀን "ምን አያለሁ እትዬ፣ ትራፊክ ነዋ" አልኳቸው።

"ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ድንቢጦች ነበሩ። አሁንስ አሉ?"

በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩ። "ያሉ ይመስለኛል" አልኳቸው።

"ሁሉም የሚለው እንዳንተ ነው፤ ያሉ ይመስለኛል። ከጠፉ ቆዩ። የመጨረሻዋን ድንቢጥ ያየ ሰው አይጠፋም፤ ግን የመጨረሻዋ መሆኗን ማን ነግሮት? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው።"

በማግስቱ አውቶቡሱን አቁሜ ሰው ሳሳፍር ያን ቁጥቋጦ ቀና ብዬ አየሁት። ጭር ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሳላየው አልፌ አላውቅም።

የእንስሳት መጥፋት በየአገሩ መልኩ ይለያያል ይሉ ነበር። "አገር ቤት እንስሳው የሚያልቀው በተቸገረ ሰው እጅ ነው። ማረሻ፣ ማገዶ፣ ግጦሽ፤ ሰውየውን ልትፈርድበት አትችልም። እዚህ ግን የሚጨርሰው ጽዳት ነው። ሣሩ ይታጨዳል፣ ቅጠሉ ይጠረጋል፣ የግድግዳው ቀዳዳ ይደፈናል። ሁሉም ሲያምር ማን የት ይደር?" ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ የማልቀስ ነገር አልነበረም። መፍትሔው እጃቸው ላይ እንዳለ ሰው ነበር የሚያወሩት።

መፍትሔያቸው ደግሞ ከሕንፃችን ጀርባ፣ ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ ነበር። የወደቁ የኦክ ዛፎች ግንዲላ አስመጥተው፣ ግማሹን ቀብረው ግማሹን ወደ ላይ አቁመው እንዲበሰብስ ትተውታል። ፖርቱጋላዊቷ ጎረቤታችን መቃብር መስሏት እያማተበች ነበር የምታልፈው። እትዬ አስካለ ግን ያንን ሁሉ ያደረጉት ለአንድ ጥንዚዛ ነው። ቀንዳም ጥንዚዛ ይሉታል፤ ከዚህ አገር ጥንዚዛዎች ግዙፉ ነው፣ ወንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ የሚመስል መንጋጋ አለው። ትሉ የበሰበሰ እንጨት እየበላ እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ከመሬት በታች ይኖራል። አድጎ ሲወጣ በጋውን ለጥቂት ሳምንታት ይበርና ይሞታል። ሰው የሞተ ግንድ ባየ ቁጥር ስለሚያነሣ መኖሪያ እያጣ፣ ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። የመኖሪያ ሕንፃዎቻችንን የሚያስተዳድረው የኢስቴት ቢሮ ደግሞ ያቺን ቁራጭ መሬት ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጋታል። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ ጥንዚዛው መኖሩ ከታየ ቦታው ይቆያል፣ ካልታየ አስፋልት ይለብሳል።

"ታዲያ ለምን አጥር አያሠሩለትም? ቢያንስ አትንኩ የሚል ጽሑፍ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "አጥር አይቻለሁ" አሉ። "ቆርኬ የምንጠብቅበት መጠለያ ነበረን። ሰዉን ከግጦሹ አስነሣን፣ ዘበኛ አቆምን፣ አጥሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ቆርኬዎቹ በዙ፣ እኛም ተደሰትን። መንግሥት የወደቀ ሰሞን ዘበኛው ሸሸ፣ ያስነሣነው ሰው ተመልሶ መጣ። ርቦት ቢሆን የሚበላውን ገድሎ ይበቃው ነበር። የገደለውን ትቶት ነው የሄደው። ተናዶባቸው ነበር። እኛ አጥር አጠርንላቸው ስንል ጠላት ገዝተንላቸው ኖሯል።"

ከዚያ በኋላ ስለ አጥር አንሥቼባቸው አላውቅም።

ያ ዘመን ሐበሻው እርስ በርሱ የተኳረፈበት ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ለንደን ያለነው ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ይሄኛው የሚበላበት ምግብ ቤት ያኛው አይገባም፤ ለሠርግ ሲጠራ "ሌላ ማን ተጠርቷል?" ብሎ ጠይቆ የሚቀርም ነበር። እትዬ አስካለና አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጋሽ ታደሰም በዚሁ ተኳርፈው ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ እጁ ሥራ ካላገኘ የሚታመም ዓይነት ሰው። የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ አባ ኪዳነ ነገሩ አንገፍግፏቸው "ዘንድሮ ደመራን አንድ ላይ ካላከበራችሁ እኔም አልባርክም" ብለው ሁለቱንም ወገን ያስማሙት በብዙ ልመና ነው። ለጋሽ ታደሰ እንጨት የማሰባሰቡ ሥራ ደረሰው።

እንግዲህ ለንደን ውስጥ እንጨት ማለት ነዳጅ ማደያ በር ላይ በመረብ ታስሮ የሚሸጠው ነው። ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። "ደመራ ከየቤቱ ይዋጣል እንጂ እንደ ካሮት አይገዛም" አለ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ያ ሁሉ ደረቅ ግንድ ማንም ሳይፈልገው ተጥሎ ታየው። እግዜር ያዘጋጀለት ነው የመሰለው። ከእትዬ አስካለ ጋር ቢነጋገሩ ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ግን አይነጋገሩም። ቫን አምጥቶ አንድ በአንድ ነቃቅሎ ጫነው።

የደመራው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ በሬ ላይ ቆሙ። ስልክ ጆሮአቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንዶቹ የነበሩበት ቦታ ጉድጓድ ብቻ እንደቀረና ወዴት እንደሄዱም ከጎረቤት እንደሰሙ በምልክትም በቃልም ነገሩኝ። ስልኩ ላይ ያለው ፒተር የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ነው። ለሚመለከታቸው ደውሎ እሳቱን ላስከልክል ይላቸዋል።

"እንዳትደውል" አሉት በእንግሊዝኛ። "ዛሬ በፖሊስ ካስቆምከው ዛሬ ትሉ ይተርፋል። ከነገ ጀምሮ ግን የእኔ አገር ሰው ጥንዚዛ ባየ ቁጥር ይረግጠዋል። ተወው፣ እኔ እሄዳለሁ።" ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ስሜነህ፣ መኪናህን አውጣ።"

ስንደርስ ሜዳው ነጭ በነጭ ሆኗል። ደመራው ቆሟል፤ ዙሪያው የተሰበረ የዕቃ ሣጥንና ጣውላ፣ መሀሉ የእትዬ አስካለ ግንድ። መዘምራኑ ሊጨርሱ ነው። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ እንደቆመ ከሩቅ ያስታውቃል። እትዬ አስካለ በሥራ ጃኬታቸው ሰውን እየገፉ አልፈው ከደመራው ሥር ቆሙ።

"አባቴ፣ ከመለኮሱ በፊት አንድ ቃል" አሉ።

ወዲያው ጉምጉምታ ተነሣ። "ማን ልኳት ነው?" አለ ከኋላዬ አንዱ። "ድሮም አንድ ላይ እንድንሆን አይፈልጉም" አለ ሌላው። ጋሽ ታደሰ ችቦውን እንደያዘ ወደ ፊት መጣ። "ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ፖለቲካዎን ሌላ ቀን ያድርጉት። ይሄ መስቀል ነው።"

እኔ የጠበቅሁት የታወቀውን ኃይለ ቃል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ከቆመች ልጅ ነጠላ ተቀብለው፣ ጃኬቱ ላይ አደገደጉ። በካህን፣ በዳኛ፣ በትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው ደረታቸው ላይ አጣፍተው አሰሩትና ጎንበስ አሉ። ያቺ ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ሴት ናት።

"ለማዘዝ አልመጣሁም፣ ለመለመን ነው። ይህ ግንድ ነፍስ አለበት" አሉ። ከታችኛው ግንድ ላይ የለዘዘውን ቅርፊት በጣታቸው ገለጡና አንድ ወፍራም ነጭ ትል መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ከቀይ ጭንቅላቱ በቀር የወተት ጥርስ ይመስላል። "ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። የሚያድግበት ሌላ ቦታ የለውም። አቶ ታደሰ ሳያውቅ ነው የወሰደው፣ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ ተኳርፈን አልነገርኩትም። እባካችሁ።"

አንዲት እናት "እፍ፣ ትል ለማዳን በዓል ይቆማል እንዴ?" አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። አባ ኪዳነ ግን ቀረብ ብለው እትዬ አስካለ መዳፍ ላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"እኛ የምናቃጥለው እንጨት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ነፍስ ያለውን አቃጥለን መስቀል አከበርን ልንል አንችልም። ግንዱ ይውረድ።"

ሰው ሊንቀሳቀስ ሲል ጋሽ ታደሰ ችቦውን ለአንዱ አቀበለ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። "ማንም እንዳይነካው" አለ። "ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማወርደውም እኔ ነኝ።" የመጀመሪያውን ግንድ ብቻውን ተሸክሞ ቫኑ ድረስ ሄደ፤ ሁለተኛው ላይ ወገቡ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ከግራም ከቀኝም ሰው ወጥቶ ይይዝለት ጀመር። ማን ከማን ጋር እንደያዘ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግንዱ ከባድ ነበር። የተረፈው ደመራ አጭርና ቀጫጫ ሆነና አንዱ ቀልደኛ "ዘንድሮ ደመራውም ጾም ላይ ነው" ብሎ አሳቀን። ቢሆንም ነደደ፣ ጭፈራውም ደራ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ጋሽ ታደሰን አካፋ አስያዙት። እያንዳንዱ ግንድ በነበረበት ጉድጓድ፣ በነበረበት ጎኑ መመለስ አለበት። ሰውየው ላቡን እየጠረገ "እርስዎ ሴትዮ፣ ትሎቹ ተርፈው እንደሆነ በምን ቼክ ይደረጋል?" አላቸው።

"አይደረግም። ቆፍረህ ካየኸው ገደልከው።"

"ታዲያ መቼ ነው የምናውቀው?"

"ከሦስት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሲወጣ።"

"ያን ጊዜ እኔና እርስዎ እንኖራለን?"

"ትሉ ይኖራል" አሉት።

እትዬ አስካለን ሲስቁ ያየኋቸው ብዙ ጊዜ ነው፣ ግን ጋሽ ታደሰ ሲያናድዳቸው እንደሚስቁት አይደለም። ሁለቱ ከዚያ በኋላ የማይላቀቁ ተነታራኪዎች ሆኑ። "እርስዎ"ው ቀርቶ "አንቺ ሴትዮ" መጣ። በምርጫው ጉዳይ አንድም ቀን አልተስማሙም። በጋ ሲገባ ጋሽ ታደሰ የምትታጠፍ ወንበሩን ይዞ ጀምበር ስትጠልቅ ግንዶቹ አጠገብ ይቀመጣል። የመጀመሪያው በጋ ምንም የለም። ሁለተኛውም አለፈ፣ ሦስተኛውም። የቢሮው ሰዎች መሬቱን መለካት ጀመሩ። ጋሽ ታደሰ እንቅልፍ አጣ። "እኔ ፈጅቻቸው ነው" ይለኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አይናገርም። እትዬ አስካለ ግን ጨርሶ አልተጠራጠሩም። ለቢሮው ኃላፊ "አንድ በጋ ጨምሩልኝ" ብለው፣ ሳይጨመርላቸው ከክፍሉ አልወጡም።

ያ የተጨመረው በጋ ሲገባ ግን እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ካንሰር ይዟቸው ጉበታቸው ደርሷል። ሐኪሞቹ ለሕሊና ቀኑ ቅርብ መሆኑን ነግረዋታል፤ እሷም ለእኛ ነግራናለች።

የዚያች ሰኞ ዋዜማ፣ እሑድ ወደ አመሻሹ፣ ጋሽ ታደሰ በሬን ደበደበ። ስከፍትለት የአይስክሬም ባልዲ ይዟል፤ ክዳኑን በሚስማር በሳስቶታል። "ወጣ" አለኝ። ወደ ውስጥ አየሁ። እርጥብ ቅጠል ላይ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የአውራ ጣቴን የሚበልጥ፣ ቀንዱን ያነሣ ጥንዚዛ ቆሟል። ከሥራ ልብሴ ሳልወጣ ተከተልኩት። ስንብት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ ጋሽ ታደሰ ሊነግራቸው ያሰበውን በልቡ ሲያጠና ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

እትዬ አስካለ መንምነው ትራሱ ውስጥ ጠፍተዋል። ጋሽ ታደሰ ባልዲውን ከፍቶ ፊታቸው አቀረበው። ዓይናቸው በራ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ጤነኛ ሳሉም አይቼባቸው አላውቅም።

"ፎቶ አንሥተኸዋል?" አሉት በደከመ ድምፅ።

"አንሥቻለሁ።"

"ከነግንዱ?"

"ከነግንዱ።"

"ለፒተር ላክለት። መኪና ማቆሚያው ቀረ በለው።" ከዚያ ወደ መስኮቱ አዩ። "ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ሁለት ሰዓት" አልኳቸው። የለንደን በጋ ነውና ከምሽቱ ሁለት ሰዓትም ውጭው ገና ፀሐይ ነው።

"ወንድ ነው" አሉ። "ይህን ሁሉ ዓመት አፈር ውስጥ ኖሮ፣ የሚበርበት ምሽት ጥቂት ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሴት ፍለጋ ይነሣል። የዛሬዋን በእኔ ምክንያት እንዳታስመልጡት። መልሱት።"

ጋሽ ታደሰ ወንበር እየሳበ ነበር። "አሁን መግባታችን እኮ ነው። ትንሽ እንጫወትና..."

"ታደሰ፣ ሂድ አልኩህ።"

ወንበሩን ለቀቀው። በአውቶቡሱ ውስጥ ሲያጠናው የነበረውን ሁሉ ትቶ ባልዲውን ከደነ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳማቸው፤ እኔም ሳምኳቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ባልዲውን ነው፤ ክዳኑ በደንብ መግጠሙን። ባልዲውን ይዘን ወጣን።

ስንመለስ ጋሽ ታደሰ ባልዲውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁልቁል ያየው ነበር። "ልንጠይቃት ሄደን አባረረችን" አለኝ። ልስቅ ብዬ አልቻልኩም።

ስንደርስ ፀሐይዋ ገብታ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበረው። ጋሽ ታደሰ ጥንዚዛውን ከወጣበት ግንድ ጫፍ ላይ አኖረው። ለጊዜው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቀንዱን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘ፣ የጀርባውን ክዳን ከፈተና እየተንገዳገደ ተነሣ። ድምፁ እንደ አሮጌ ሞተር ነበር። ከብስክሌት ማቆሚያው በላይ አልፎ፣ ፖርቱጋላዊቷ መስኮት አጠገብ ታጥፎ፣ ከዛፎቹ ጋር ተቀላቀለ።

ጋሽ ታደሰ ስልኩን አወጣና ደወለላቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና ወንበሩን አጣጠፈ።

"ተኝታ ይሆናል" አለኝ። "መብረሩን ነገ እንነግራታለን።"